የሞተር ሳይክል ስምና የሞተሩ ልክ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ይመላለስ የነበረ ነጋዴ ለቆላው ግመልን፥ ለዳገቱ በቅሎንና አህያን ይመርጥ ነበር። የዛሬው ነጋዴ ሞተር ሳይክል ሲያስመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመራው በጎኑ በተጻፈው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ስም እንጂ ልክ ስላይደለ፥ ልኩ የሚገኝበትን ስሌት ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ሲ.ሲ. ማለት ኩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ባዶ ስፍራ ነው። የሲሊንደሩን አፍ ስፋት በሳንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፥ ውጤቱን በ0.7854፥ ቀጥሎም ፒስተኑ በሚመላለስበት ርዝመት፥ በመጨረሻም በሲሊንደሮቹ ብዛት ማባዛት ነው። በአገራችን የታወቀው ቦክሰር 150 የአፉ ስፋት 5.6፥ የፒስተኑ ምልልስ 5.88 ሳንቲ ሜትር፥ ሲሊንደሩም አንድ ነው። 5.6 በ5.6 ሲባዛ 31.36፤ ይህም በ0.7854 ሲባዛ 24.63፤ በ5.88 ሲባዛ 144.8 ይሆናል።

ክሩዘር በሚባሉት፥ መቀመጫቸው ዝቅ አካላቸው ረዘም ባለ ሞተር ሳይክሎችም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሆንዳ ሬብል 300 በእውነቱ 286፥ ሬብል 500 ደግሞ 471 ነው። ሮያል ኤንፊልድ ሜቴዎር 350 ግን 349 ስለሆነ ለስሙ ታማኝ ነው ማለት ይቻላል። እጅግ መጠንቀቅ የሚያሻው ልኩ ከስሙ ሲበልጥ ነው። የሱዙኪ ኢንትሩደር ሲ 800 ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፤ የእያንዳንዱ አፍ 8.3፥ ምልልሱ 7.44 ሳንቲ ሜትር ነው። አንባቢ ራሱ ቢያሰላው 805 ያገኛል።

እነዚህ አምስት ሲ.ሲ. ምን ያደርጋሉ ቢባል፥ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሞተር ሳይክል የሚከፈለው በ50፥ በ250፥ በ500 እና በ800 ሲ.ሲ. ወሰን ነው። ስለዚህ በስሙ እስከ 800 ካሉት መካከል የሚመስለው ዕቃ በልኩ ከ800 በላይ ከሆኑት ይመደባል። ስሙን አይቶ ዲክላራሲዮን የሞላ ሰው፥ አሳቡ ንጹሕ ቢሆንም፥ የተሳሳተ ሰነድ አቅርቧል። እኔም አንድ ጊዜ ከፋክቱር ላይ ስሙን እንደ ልክ ገልብጬ ሰነዱ ተመልሶልኛል፤ አሠሪዬም ዝም ብለው አላለፉኝም።

ለገዢው ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። በአንኮበር ከፍታ፥ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ፥ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በዚያ ስፍራ የ471 ሲ.ሲ. ሞተር የሚስበው አየር በጠረፍ 370 ሲ.ሲ. ያህል ሞተር የሚስበውን ነው። ሬብል 500 ክብደቱ ወደ 190 ኪሎ ይጠጋል፤ ከሸዋ ሮቢት በአስፋልት ለሚሄድ ምቹ ነው፤ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ማሾ ጭኖ ለሚወጣ ግን ቀለል ያለው ባለ 144.8 ይሻለዋል። ሻጩ የአፉን ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ በጽሑፍ ሳይሰጥ የባንክ ሰነድ አይከፈት።