ታማኝነት ለሹም ነውን ወይስ ለመሐላ?

«ታማኝ ሁን» የሚለውን ምክር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ወላጅ ለልጁ፣ መምህር ለተማሪው፣ አለቃም ለሠራተኛው ይህንኑ ይነግረዋል። ነገር ግን ለማን ወይም ለምን መታመን እንደሚገባ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ታማኝነት ያለ ጥርጥር ታላቅ ጠባይ ነው፤ እርሱ ከሌለ ቤት አይቆምም፣ መሥሪያ ቤትም አይሠራም። ሆኖም ከእውነተኛነት የተለየ እንደ ሆነ ታማኙንም፣ የሚታመኑለትንም ሰው አብሮ ይጥላል። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአሜሪካ በፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዘመን የሆነውን እንመልከት። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጁን 17 ቀን 1972 ሌሊት፣ በዋሽንግተን ከተማ ዋተርጌት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ በሚገኘው የተቃዋሚው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ አምስት ሰዎች ተያዙ። ሲመረመርም ነገሩ የፕሬዚዳንቱን የምርጫ ዘመቻ ከሚያካሂዱ ሰዎች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ እውነቱ ተነግሮ ጥፋተኞቹ ቢቀጡ ኖሮ፣ ጉዳዩ በዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን በስድስተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ የጽሕፈት ቤታቸው ሹም ከነበሩት ከሃልደማን ጋር ተነጋግረው፣ የፖሊሱ ምርመራ በስለላው መሥሪያ ቤት በኩል እንዲታገድ ፈቀዱ። በኖቬምበር ወር ከ50 ግዛቶች በ49ኙ አሸንፈው እንደገና ሲመረጡ ሥልጣናቸው እጅግ የጸና ይመስል ነበር። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ሕመሙ በውስጥ ነበር።

ኒክሰን ሰውን ቶሎ የማያምኑ፣ ብቻቸውን መሆንን የሚወዱ መሪ ነበሩ። ወደ እርሳቸው የሚያስገባውን በር የሚጠብቁት ሃልደማንና የአገር ውስጥ ጉዳይ አማካሪው ኤርሊክማን ነበሩ። የሁለቱም ስም የጀርመን ስም ስለ ሆነና ባለጉዳይ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ «የበርሊን ግንብ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ትጉሆች ነበሩ፤ ለአለቃቸውም ታማኞች ነበሩ። ዳሩ ግን ግንብ ጠላትን ብቻ ሳይሆን መልካም መካሪንም ያግዳል።

ማርች 21 ቀን 1973 የሕግ አማካሪው ጆን ዲን ገብተው በፕሬዚዳንትነቱ ላይ ነቀርሳ እየበቀለ መሆኑን ነገሯቸው። ዲን ራሳቸው በመሸፋፈኑ ሥራ ተካፋይ ስለ ነበሩ እውነቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ቢሆንም ገና ሊጠቅም ይችል ነበር። በዚያው ስብሰባ ግን የተያዙትን ሰዎች ዝም የሚያሰኝ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ምክር ተያዘ። አፕሪል 30 ቀን ሃልደማንና ኤርሊክማን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ዲንም ተሻሩ። ግንቡ ፈረሰ፤ ከግንቡ በስተኋላ የነበሩት መሪ ግን ከፊተኛው ይልቅ ብቸኛ ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው የፍርድ ሚኒስትሩ የኤሊየት ሪቻርድሰን ፈተና ነው። የሾሟቸው ኒክሰን ናቸው፤ ነገር ግን ሹመታቸው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲመረመር፣ ነገሩን የሚያጣራው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከባድ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር እንደማይሽሩት ቃል ገብተው ነበር። በጁላይ ወር የፕሬዚዳንቱ ንግግር ሁሉ በቴፕ ይቀረጽ እንደ ነበር ታወቀ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ አርቺባልድ ኮክስም ቴፖቹን ጠየቁ። ቅዳሜ ኦክቶበር 20 ቀን 1973 ፕሬዚዳንቱ ኮክስን እንዲሽሩ ሪቻርድሰንን አዘዟቸው። ሪቻርድሰን ቃላቸውን ከማፍረስ ሹመታቸውን መልቀቅን መረጡ። ምክትላቸው ረክልስሃውስም ትእዛዙን አልፈጽምም ብለው ከሥራቸው ወጡ። ትእዛዙን የፈጸሙት በማዕርግ ሦስተኛ የነበሩት ሮበርት ቦርክ ናቸው። እርሳቸውንም ሥራቸውን እንዳይለቁ የመከሯቸው ሁለቱ ቀዳሚዎች ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱ ያለ ኃላፊ እንዳይቀር አስበው ነው። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሚዛን መፍረድ አይገባም።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብቸኝነት እናያለን። ሪቻርድሰን ከሹመታቸው ሲወጡ ብቻቸውን ነበሩ፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ድርጊቱን የሚቃወም ብዙ ሺህ ቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ጎረፈ። ፕሬዚዳንቱ በአጃቢና በሹማምንት ተከበው ሳሉ ብቸኛ ነበሩ። የፊተኛው ብቸኝነት የእውነት ዋጋ ነው፤ የኋለኛው ግን እውነትን የማራቅ ፍሬ ነው።

በአገራችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል የቆየ ተረት አለ። ጁላይ 24 ቀን 1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚህ ተረት የተለየ ፍርድ ሰጠ፤ ይኸውም ፕሬዚዳንቱ ቴፖቹን እንዲያስረክቡ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ፈረደ። ከ8ቱ ዳኞች 3ቱ፣ ፍርዱን የጻፉትም ዋናው ዳኛ ዋረን በርገር ጭምር፣ በኒክሰን የተሾሙ ነበሩ። የሾማቸውን ሰው አልጠሉም፤ የማሉለትን ሕግ ግን አስቀደሙ። ኦገስት 7 ቀን የፓርቲያቸው ሰዎች የነበሩት ጎልድዋተር፣ ስኮትና ሮድስ ገብተው በምክር ቤቶቹ ውስጥ የቀረላቸው ደጋፊ ጥቂት መሆኑን ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። ኒክሰንም ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በፈቃዳቸው ከዚያ መንበር የወረዱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሃልደማን፣ ኤርሊክማንና ዲንም ታስረዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። 1ኛ፤ አለቃውን የሚወድ ሰው ደስ የማያሰኘውንም እውነት ይነግረዋል፤ ይህንንም በጊዜው ያደርገዋል። 2ኛ፤ ሰው ሹመት ሲቀበል የሚምለው ለሾመው ሰው ምስጋና ለማቅረብ አይደለም፤ ሥራውን በሕግ ለመፈጸም ነው እንጂ። 3ኛ፤ መሪ የሆነ ሰው እውነት የሚነግረውን ያባረረ እንደ ሆነ፣ በዙሪያው የሚቀረው ብዙ ሕዝብ ቢሆንም እንኳ ረዳት የለውም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ! እኛ በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን አንዳችን ጸሐፊ፣ አንዳችን መምህር፣ አንዳችን ዳኛ እንሆናለን። በሐሰት ሰነድ ላይ ፈርም የሚል አለቃ አንድ ቀን ሊያጋጥመን ይችላል። በዚያን ቀን እምቢ ማለት እንጀራን ሊያሳጣ እንደሚችል ማወቅ አለብን፤ ወላጆቻችንም ልጃቸው ስለ እውነት ከሥራ ሲወጣ እንደ ሰነፍ እንዳይቈጥሩት እንለምናለን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ፣ ሌሊቱን ታግሦ ለሚጠብቅ ሰው ንጋቱ መምጣቱ አይቀርም።