ከመመረቅ በፊት የሚፈረም የሥራ ውል፦ በአሜሪካ ለሶሻል ወርክ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ

አሜሪካ ውስጥ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሶሻል ወርክ ለመማር የሚመኙ ብዙ ናቸው። አረጋውያንን ቤት ለቤት የሚንከባከቡ፣ በሕፃናት ማቆያ የሚሠሩ፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት የሚያስተረጉሙ ሰዎች ሥራቸው ራሱ ወደዚህ ሙያ ይገፋቸዋል። የሚያስቆማቸው ገንዘብ ነው፤ የትምህርት ክፍያው ብቻ ሳይሆን ልምምዱም ጭምር። የሶሻል ወርክ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ በማስተርስ ደግሞ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል። ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚልክ ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት በነፃ መሥራት ይከብደዋል።

ለዚህ ችግር አንድ እውነተኛ መፍትሔ አለ። በመንግሥት የሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም በፎስተር ኬር፣ በጉዲፈቻና በሕፃናት ጥበቃ ዘርፍ ለመሥራት ቃል ለሚገባ ተማሪ የሚሰጥ ድጎማ ነው። በተለምዶ «ታይትል ፎር-ኢ» (Title IV-E) ይባላል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ይህ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ከመመረቅዎ በፊት የሚፈርሙት የሥራ ውል ነው። እንደ ስኮላርሺፕ ቆጥሮ የፈረመ ሰው ይጸጸታል፤ እንደ ሥራ ውል አንብቦ የፈረመ ሰው ግን ያለ ከባድ ዕዳ ወደ ሙያው ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ስያሜው የመጣው ከአሜሪካ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ሕግ አንድ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የጉዲፈቻና የሕፃናት ደህንነት ሕግ የፈጠረው ነው። በዚህ ክፍል መሠረት አንድ ስቴት ለሕፃናት ደህንነት ሠራተኞችና ለሥራው ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ሥልጠና ካወጣው ወጪ የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 75 በመቶ ይመልስለታል። ቀሪውን ስቴቱና ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናሉ።

ይሁን እንጂ የፌዴራሉ ድርሻ የሚሰላው በፎስተር ኬር ካሉት ልጆች ስንቶቹ ከድሃ ቤተሰብ እንደመጡ በማየት ነው። ድህነቱ የሚለካው ደግሞ በ1996 በነበረው የገቢ ጣሪያ ነው። ኑሮ ሲወደድና ደመወዝ ሲጨምር ጣሪያው ባለበት ስለቆመ፣ መለኪያውን የሚያሟሉት ልጆች ቁጥር እያነሰ ይሄዳል፤ የፌዴራሉ ድርሻም አብሮ ይቀንሳል። ድጎማው ከስቴት ስቴት፣ ከዓመት ዓመት የሚለያየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ ሙሉ ጊዜ ለሚማር የማስተርስ ተማሪ ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በዓመት 18,500 ዶላር ነበር፤ ሌላ ቦታ ግን መጠኑም አከፋፈሉም ሌላ ነው። አንዳንዱ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ አንዳንዱ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። ስለዚህ ጓደኛዎ በሌላ ስቴት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘውን ይዘው ዕቅድ አያውጡ። የዘንድሮውን መጠን ከራስዎ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

የት ይጠየቃል?

ለፌዴራሉ መንግሥት የሚገባ ማመልከቻ የለም። ድጎማው የሚገኘው ከስቴቱ ጋር ስምምነት ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው። በካሊፎርኒያ ከ1990 ጀምሮ በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የሶሻል ወርክ ትምህርት ማዕከል ብዙ ትምህርት ቤቶችን ያስተባብራል። በሜሪላንድ የባልቲሞሩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ፕሮግራሙን ይመራል፤ ይህ ትምህርት ቤት ሮክቪል ባለው ሸዲ ግሮቭ ካምፓስም ማስተርስ ስለሚያስተምር በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚኖሩ ይቀርባል። በቨርጂኒያ ጆርጅ ሜሰን፣ ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ፣ ኖርፎክ ስቴትና ራድፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሚኒሶታ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ በዋሽንግተን ስቴት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በኮሎራዶ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲና ሜትሮፖሊታን ስቴት ይጠቀሳሉ። ፔንሲልቬኒያ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ ሁለት መንገዶች አሏት፤ አንዱ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ሌላው በካውንቲ መሥሪያ ቤት እየሠሩ ማስተርስ ለሚማሩ ነው።

ትምህርት ቤት ከመምረጥዎ በፊት «እዚህ ታይትል ፎር-ኢ አለ? አስተባባሪው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የኦንላይን ትምህርት የሚመርጡ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ትምህርት ቤቱ ሊሠሩበት ካሰቡት ስቴት ጋር ስምምነት ከሌለው ድጎማውም የለም።

ማን ሊያገኝ ይችላል?

መጀመሪያ እውቅና ባለው የሶሻል ወርክ ፕሮግራም መግባት ያስፈልጋል። ከዚያ የተለየ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ አለ። ሥራው ቤት ለቤት መሄድና ልጆችን በመኪና ማመላለስ ስላለበት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። የጣት አሻራና የወንጀል መዝገብ ይጣራል፤ በልጆች ላይ የተፈጸመ በደል የሚመዘገብበት የስቴቱ መዝገብም ይታያል። ቀድሞ የነበረ ጉዳይ ካለ ከመፈረምዎ በፊት አስተባባሪውን ያማክሩ። ድጎማውን ተቀብሎ፣ ተመርቆ፣ በባክግራውንድ ቼክ ምክንያት ሳይቀጠር የቀረ ሰው ገንዘቡን መልስ ሊባል ይችላል።

ከተመረቁ በኋላ በሕጋዊ መንገድ መሥራት መቻልዎም ይታያል። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው በዚህ በኩል ብዙም አይቸገሩም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን የውሉን ዓመታት ሠርቶ ለመጨረስ የሥራ ፈቃዱ ላይበቃው ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአገር ቤት ሶሻል ወርክ ያጠናችሁ ደግሞ ዲግሪያችሁን ዝም ብላችሁ አትጣሉት። በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ከውጭ አገር የመጣ የሙያ ዲግሪን የሚገመግም አገልግሎት አለው። ግምገማው ከተሳካ ማስተርሱን በአጭር ጊዜ የመጨረስ ዕድል ሊከፍት ይችላል፤ ትምህርቱ ባጠረ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለድጎማው የምትገቡት የሥራ ግዴታም ያጥራል።

ሳይጠይቁ አይፈርሙ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ውሉን ወደ ቤት ይዘው ይሂዱና በእርጋታ ያንብቡት፤ ለሚከተሉት ጥያቄዎችም በጽሑፍ መልስ ያግኙ።

ስንት ዓመት ነው የምሠራው? የተለመደው፣ ድጎማ ለተሰጠበት ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓመት አንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። የሁለት ዓመት ድጎማ ሁለት ዓመት ያስይዛል ማለት ነው።

የት ነው የምሠራው? ግዴታው ብዙ ጊዜ ለመላው ስቴት ነው። በቨርጂኒያ ለምሳሌ 120 የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛውን የሚቀጥረው ራሱ ነው። የትዳር ጓደኛዎ ሥራና የልጆችዎ ትምህርት ቤት አሌክሳንድሪያ ከተማ ሆኖ፣ ክፍት ቦታ የተገኘው በስቴቱ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች በኩል ቢሆን ምን ያደርጋሉ? ይህን ከቤተሰብዎ ጋር ዛሬ ይነጋገሩበት።

በስንት ጊዜ ውስጥ ሥራ ማግኘት አለብኝ? ፈልጌ ባላገኝስ? ያመለከቱባቸውን ቦታዎች ሁሉ ቀንና ማስረጃ ይዘው ያስቀምጡ።

የትኛው ሥራ ይቆጠራል? ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሕፃናት ደህንነት ሥራ ነው። የግል ድርጅት፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ላይቆጠር ይችላል።

ካቋረጥኩ ምን ይሆናል? ሙሉውን ነው የምመልሰው ወይስ የቀረውን? ወለድ አለው? ብወልድ፣ ብታመም ወይም ወላጅ ለማስታመም አገር ቤት ብሄድ ጊዜ ይሰጠኛል?

ግብር፣ ሌላ እርዳታና የትምህርት ብድር

ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለ ስኮላርሺፕ በአጠቃላይ ግብር የለበትም፤ ለኪራይና ለምግብ የዋለው ግን ገቢ ነው። በሥራ ግዴታ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ሕግ ስላለው ታክስ የሚሠራልዎ ሰው ውሉን ይመልከተው። ብዙ ጊዜ ከድጎማው ግብር ተቀንሶ ስለማይሰጥ ጥቂት እየቆጠቡ ይቆዩ። የትምህርት ቤቱ የገንዘብ እርዳታ ክፍልም ድጎማውን ቆጥሮ ሌላውን እርዳታ ሊቀንስ ይችላል። በገቢ የሚወሰን የጤና፣ የምግብ ወይም የቤት ድጋፍ የምታገኙ ቤተሰቦችም ከመቀበላችሁ በፊት አጣሩ።

የፌዴራል ብድር ላለበት ሰው ጥሩ ዜና አለ። በ2007 የወጣው ሕግ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ በትክክለኛው የአከፋፈል ዕቅድ ለከፈለ ሰው ቀሪውን የዳይሬክት ሎን ዕዳ ይሰርዛል። ለድጎማው ግዴታ የሚሠሩት ዓመታት ለዚህም ሊቆጠሩ ይችላሉ። ከተቀጠሩበት ዓመት ጀምሮ የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጽ በየዓመቱ ያስሞሉ።

ሥራውን ይወቁት፤ እኛም እንፈለጋለን

በሕፃናት ጥበቃ ክፍል የሚሠራ ሰው የተደበደበ ሕፃን ያያል፣ እናት ፊት ቆሞ ልጇን ይወስዳል፣ ዳኛ ፊት ይመሰክራል፣ ሌሊት ስልክ ይደወልለታል። ይህን ሳያውቁ መፈረም ለራስም ለልጆቹም ጉዳት ነው። ከማመልከትዎ በፊት በሥራው ያለ ሰው ያነጋግሩ፤ ከተቻለም በጎ ፈቃደኞች በፍርድ ቤት ለልጆች ድምፅ በሚሆኑበት፣ «ካሳ» (CASA) በሚባለው ፕሮግራም ይሥሩ። ልምምድ በሚያደርጉበት ቢሮ አንድ ሠራተኛ ስንት ኬዝ እንደሚይዝ፣ አለቃው በየስንት ጊዜው ቁጭ ብሎ እንደሚያማክር፣ ለሙያ ፈቃድ የሚቆጠር ሱፐርቪዥን መኖሩንም ይጠይቁ።

ይህ ሥራ አማርኛ ተናጋሪዎችን በእውነት ይፈልጋል። ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ «ልጄን ሊወስዱብኝ መጡ» ብላ የምትንቀጠቀጥ እናት አለች፤ የሚባለውን የምትሰማው በስምንት ዓመት ልጇ አፍ ነው። ልጅ በአክስቱ ወይም በአያቱ ዘንድ ማደጉ በእኛ ዘንድ የተለመደ መሆኑን የሚያውቅ ሠራተኛ ወደ ባዕድ ቤት ከመላኩ በፊት ዘመድ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ባህሉን ማወቅ ጥፋትን መሸፈን አይደለም። በአርጩሜ የቆሰለ ልጅ «እኛም እንዲህ ነው ያደግነው» ተብሎ አይታለፍም። ሠራተኛው ሕጉን ለወላጆች በገዛ ቋንቋቸው አስረድቶ ልጁን መጠበቅ አለበት።

ፈተናውም ከዚሁ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር የሚያውቁዎት ሰው «እባክሽ እህቴ፣ ፋይሉን ዝጊልን» ሊሉ ይችላሉ። የሚያውቁት ቤተሰብ ጉዳይ ሲመጣ ለአለቃዎ ወዲያው አሳውቀው ለሌላ ሠራተኛ ያስተላልፉ፤ የሰሙትን ደግሞ ለትዳር ጓደኛዎ እንኳ አይንገሩ። ስም አንዴ ከጠፋ በማኅበረሰባችን ውስጥ መልሶ ማቃናት ይከብዳል። ቢሮው ደግሞ ከራስዎ ሥራ በላይ የሁሉም ሰው አስተርጓሚ እንዳያደርግዎ በቅጥር ጊዜ ይነጋገሩ፤ ለሁለት ቋንቋ የሚከፈል ተጨማሪ ካለም ይጠይቁ።

ለሚመጣው ዓመት ለመማር ካሰቡ ዘንድሮ ይጀምሩ። በዚህ ወር ለሁለት ትምህርት ቤቶች አስተባባሪዎች ይጻፉ፤ የማመልከቻ ቀናቸውን፣ የዘንድሮውን መጠንና የውሉን ናሙና ይጠይቁ። ናሙናውን ካነበቡ በኋላ «እነዚህን ዓመታት ያለ ድጎማው ቢሆንም እሠራቸው ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ይፈርሙ። ልጆቹ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይፈልጋሉ፤ መንግሥትም ለዚያው ብሎ ትምህርትዎን ሊከፍልልዎ ተዘጋጅቷል። መልሱ «አይ» ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ይፈልጉ፤ በሶሻል ወርክ ውስጥ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን ዘንድ የሚጠብቅዎ ሥራም ብዙ ነው።