የሕክምና ቃላትን በአማርኛ መፍታት፦ ለነርሲንግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ አማርኛ ተናጋሪዎች የቃላት አጠናን

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ለነርሲንግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ አማርኛ ተናጋሪዎች የሕክምና ቃላትን የሚያጠኑበትን መንገድ ከቋንቋ አንጻር ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የተፈታኙ አፍ መፍቻ ቋንቋ በጥቅሉ እንቅፋት ተደርጎ መታየት የለበትም። አማርኛ በቃል ክፍሎች አደራደር ረገድ ያግዛል፤ በተለምዷዊ የበሽታ ስሞች ረገድ ያሳስታል፤ በጽሕፈት ረገድ ደግሞ ልዩነቶችን ይሸፍናል። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ተፈታኝ አማርኛውን መቼ መጠቀም፣ መቼ መተው እንዳለበት ይረዳል።

1. መግቢያ

በአሜሪካ በርካታ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከአመልካቾች ከሚጠይቋቸው ፈተናዎች አንዱ በአጭር ስሙ «ቲስ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሰባተኛው እትም 170 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የተመደበለት ጊዜ 209 ደቂቃ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 50ዎቹ የሳይንስ ጥያቄዎች ሲሆኑ በ60 ደቂቃ መጠናቀቅ አለባቸው፤ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 72 ሰከንድ ብቻ ነው። የሳይንሱ ክፍል ሰፊ ድርሻ ስለ ሰው አካል አወቃቀርና አሠራር ስለሆነ፣ ቃሉን ለመፍታት የሚጠፋ እያንዳንዱ ሰከንድ ከመልሱ የሚቀነስ ነው።

በኢትዮጵያ በአማርኛ የተማረ ሰው አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተከታትሎ፣ በሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ትምህርትን በእንግሊዝኛ ይማራል። በዚህም ምክንያት ስለ አካሉ ያለው ዕውቀት በሁለት ቋንቋዎች ተከፍሎ ይቀመጣል። ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ፣ ለፈተና ያጠናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከዓመታት በኋላ በባዕድ አገር፣ ብዙውን ጊዜ ከአረጋውያን እንክብካቤ የሌሊት ሥራ መልስ፣ ለመግቢያ ፈተና ሲቀመጥ የሚቀናው ረጅም የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ነው። ሽምደዳ ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ይከዳል።

2. የክፍሎች ቅደም ተከተል

አብዛኞቹ የሕክምና ቃላት ከግሪክና ከላቲን የተወሰዱ ክፍሎች ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። ክፍሎቹም ባዕድ መነሻ፣ ሥርና ባዕድ መድረሻ ናቸው። ቃላትን ከክፍላቸው መረዳት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ታመመ»፣ «ሕመም»፣ «ታማሚ» እና «አስታማሚ» ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ማንም ያስተውላል። ልዩነቱ በአማርኛ ሥሩ ተነባቢዎች ብቻ ሆነው አናባቢዎቹ በመካከል መግባታቸው ነው። የግሪኩ ክፍሎች ግን እንደ ጨሌ በተርታ ይሰካሉ።

በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የሕክምና ቃላት መማሪያዎች ተማሪው ቃሉን ከመጨረሻው ጀምሮ እንዲፈታ ይመክራሉ። ምክሩ የመነጨው ከእንግሊዝኛ የሐረግ አሠራር ነው፤ በእንግሊዝኛ «ብግነት» የሚለው ቃል ቀድሞ የአካሉ ስም ይከተላል። በአማርኛ ግን ገላጩ ይቀድማል፣ ተገላጩ ይከተላል። ይህ ደግሞ የግሪኩ ግጣም ራሱ የሚከተለው ሥርዓት ነው። «ጋስትራይቲስ» የሚለው ቃል «ጋስትር» (ጨጓራ) እና «አይቲስ» (ብግነት) ተብሎ ሲከፈል፣ አማርኛው በዚያው ተራ «የጨጓራ ብግነት» ይለዋል። «ሄፓታይቲስ» የጉበት ብግነት፣ «ኔፍራይቲስ» የኩላሊት ብግነት ነው። «ጋስትሮኢንተራይቲስ» ደግሞ ሦስቱን ክፍሎች እንደተደረደሩ ይዞ «የጨጓራና የአንጀት ብግነት» ይሆናል። «ታኪካርዲያ» (ፈጣን የልብ ምት) እና «ብራዲካርዲያ» (ዘገምተኛ የልብ ምት) ላይም ቅጽሉ በሁለቱም ዘንድ ይቀድማል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ቃሉን በእንግሊዝኛ ሐረግ በኩል አዙሮ ከመፍታት ይልቅ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዳነበበው በቀጥታ ወደ አማርኛ ቢመልሰው አንድ እርምጃ ይቆጥባል።

ይህ ሥርዓት ሁለት ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው አሉታዊው መነሻ «ኤ» ወይም «አን» ነው። ግሪኩ ከፊት ያስቀምጠዋል፤ አማርኛ ግን «አልባ» የሚለውን ከኋላ ያመጣል። ከዚህም በላይ «አኒሚያ» በክፍሎቹ ሲፈታ «ደም አልባነት» ይሆናል፤ በሽታው ግን የደም ማነስ ነው። ክፍሎች ወደ ትርጉሙ ያቀርባሉ እንጂ ሁልጊዜ አያደርሱም። ሁለተኛው ገደብ መካከለኛ ክፍል ባላቸው ቃላት ላይ ይታያል። «ሃይፖግላይሴሚያ» ዝቅተኛ፣ ስኳርና ደም የሚሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አማርኛው ግን «በደም ውስጥ ያለ ስኳር ማነስ» ብሎ ተራውን ይለውጣል።

3. በአማርኛ ውስጥ የሚገኙ የግሪክ ክፍሎች

ተፈታኙ እንደ አዲስ የሚያጠናቸው አንዳንድ ክፍሎች በጥንታዊ የትርጉም ሥራዎችና በኋለኛ ውሰት አማርኛ ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል። «ኤጲስ ቆጶስ» በግሪኩ «ኤጲ» (በላይ) እና «ስቆጶስ» (ተመልካች) ነው፤ በአማርኛ አጻጻፍ ክፍተቱ ከ«ስ» በኋላ ቢውልም መጋጠሚያው ከ«ስ» በፊት ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ኤፒደርሚስ» በተባለው የላይኛው የቆዳ ሽፋን፣ ሁለተኛው «ኢንዶስኮፒ» በተባለው የውስጥ አካል ምርመራ ውስጥ ይገኛል። «ሲኖዶስ» ውስጥ ያለው «ሲን» (አብሮ) በአንድነት የሚታዩ ምልክቶችን በሚያመለክተው «ሲንድሮም» ውስጥ አለ። የ«ኦርቶዶክስ» መነሻ «ኦርቶ» (ቀጥ ያለ) «ኦርቶፔዲክስ» በሚለው የአጥንት ሕክምና ስም ይመጣል። በየቤቱ ያለው «ጠረጴዛ» እንኳን «ትራፒዚየስ» ለተባለው የአንገትና የላይኛው ጀርባ ጡንቻ፣ «ትራፒዚየም» ለተባለው የእጅ አንጓ አጥንትም ዘመድ ነው፤ ስያሜያቸው ከቅርጻቸው የመጣ ነው። እነዚህ ቃላት ጥቂት ቢሆኑም ጥቅማቸው ከቁጥራቸው ይበልጣል፤ አዲሱን ክፍል ቀድሞ በሚታወቅ ቃል ላይ ያስደግፉታል።

4. የተለምዶ ስሞች አሳሳችነት

የበሽታ ስሞችን አንድ ለአንድ ማዛመድ የተለየ አደጋ አለው። «ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን በባክቴሪያ የሚመጣው ቲቢ ነው። በካርዱ ጀርባ «ነቀርሳ» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን አንድ አድርጓል። «ወባ» በፕላዝሞዲየም ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን «ቢጫ ወባ» ግን የቫይረስ በሽታ ነው። «ምች» በቤት ውስጥ በዳማከሴ የሚታከመው ሕመም ስም ነው፤ «የሳንባ ምች» ግን ኒሞኒያ ነው። «ጨጓራ አለበት» ሲባል አካሉ ሳይሆን ሕመሙ ነው የሚነገረው።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ደም ግፊት» ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ደም ግፊት አለበት» ማለት ግፊቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በሕክምና ቋንቋ ግን የደም ግፊት ሰው ሁሉ ያለው፣ የሚለካ ነገር ነው። ይህን ያልለየ ተፈታኝ «ሃይፖቴንሽን» የሚለውን ሲያይ ዝቅተኛው ግፊት ከቶ «ደም ግፊት» አይመስለውም። ስለዚህ በካርዱ ጀርባ መጻፍ ያለበት የተለምዶ ስም ሳይሆን መግለጫ ነው፤ «ከፍተኛ የደም ግፊት»፣ «ዝቅተኛ የደም ግፊት» ተብሎ።

5. ፊደል የሚሸፍነው ልዩነት

ብዙ ተፈታኞች የእንግሊዝኛውን ድምፅ በአማርኛ ፊደል ጽፈው ያጠናሉ። ለአነባበብ ይረዳል፤ ለፈተና ግን ብቻውን አይበቃም። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍልና የዳሌ አጥንት ትልቁ ክፍል ሁለቱም በአማርኛ ፊደል «ኢሊየም» ተብለው ይጻፋሉ። በእንግሊዝኛ የሚለያቸው ሦስተኛዋ ፊደል ብቻ ናት። በአማርኛ ብቻ ያጠና ሰው ጥያቄው ስለ ምግብ መፍጨት ይሁን ስለ አጥንት ከዚያች ፊደል ሊያውቅ አይችልም።

«ሃይፖ» እና «ሃይፐር» ደግሞ በመጨረሻቸው ብቻ ይለያያሉ፤ ፈጥኖ የሚያነብ ዓይን ያቀላቅላቸዋል። ይህ ስሕተት በፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በአልጋ አጠገብ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በደሙ ያለው ስኳር የወረደበት ሕመምተኛ ስኳር ሲያስፈልገው፣ ስኳሩ ከፍ ያለበት ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ለወረደበት ሰው ኢንሱሊን ቢሰጥ ጉዳቱ ይብሳል። የመግቢያ ፈተናው ቃላትን አጥብቆ መያዙ ከዚህ አንጻር ሲታይ ምክንያት አለው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ቀላል የአጠናን ሥርዓት ይገኛል። ተፈታኙ ለእያንዳንዱ ቃል ደብተሩን በአራት ዓምድ ይከፍላል። በመጀመሪያው ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይጽፋል፤ በሁለተኛው ክፍሎቹን በጭረት ይለያል፤ በሦስተኛው እያንዳንዱን ክፍል በተራው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ በአራተኛው ከክፍሎቹ ትርጉምና ከተለምዶ ስሙ ጋር ያለውን ልዩነት ያስቀምጣል። «አኒሚያ» ላይ «ማነስ እንጂ አለመኖር አይደለም» ብሎ መጻፍ የአራተኛው ዓምድ ሥራ ነው። ከዚያም ዓምዶቹን ሸፍኖ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ራሱን ይፈትናል፤ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከአእምሮ ማውጣት ዕውቀትን ያጸናልና።

በአጠቃላይ አማርኛ ተናጋሪ ተፈታኝ ወደ ፈተናው የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። የቋንቋው የሐረግ ተራ የሕክምና ቃላትን አሠራር ይመስላል፤ መዝገበ ቃላቱም የግሪክ ክፍሎችን ይዟል። የሚጎዳው አማርኛን መጠቀሙ ሳይሆን የተለምዶውን ስም ከሕክምናው ቃል፣ ድምፁንም ከጽሕፈቱ ሳይለይ መጠቀሙ ነው። ለእነዚህ ተፈታኞች የሚያዘጋጁ መምህራንም «በእንግሊዝኛ ብቻ አስቡ» ከማለት ይልቅ አማርኛው የሚያግዝበትንና የሚያሳስትበትን ቦታ ቢያመለክቱ የተሻለ ይጠቅማሉ።