ከዓሣ ገበያ ጥራጊ የሚገኝ መድኃኒት

በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣውን ገበያ የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሥጋው ለገዢ፣ የቀረው ለአባ ኮዳ ነው። ከአንድ ቆሮሶ ሥጋው ተገፎ ሲወጣ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ይህ የሚጣለው ክፍል በሌላ አገር ሐኪም ቤት መግባቱን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጸሐፊው የሥነ ጽሑፍ እንጂ የኬሚስትሪ ተማሪ ስላልሆነ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች በትዕግሥት ያንብቡት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ብራዚልን እንመልከት። በፎርታሌዛ ከተማ፣ በሴያራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቃጠሎን በቆሮሶ ቆዳ ማከምን መርምረዋል። ዓሣው የኛው የዓባይ ቆሮሶ ነው፤ ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። ቆዳው እዚያም እንደዚህ ይጣል ነበር።

ከቃጠሎ ሕክምና ከባዱ ነገር ፋሻ መለወጥ ነው። ቅባት የተቀባ ቁስል በየጊዜው ይገለጣል፤ ፋሻው ሲነሣም አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይነሣል። ሕፃን ልጅ ይህን በየቀኑ ሲቀበል ማሰብ ይበቃል። የቆሮሶ ቆዳ ግን ኮላጅን የተባለው ፕሮቴይን የሞላበት፣ እርጥበት የሚይዝና በቀላሉ የማይቀደድ ስለሆነ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል። ቃጠሎው ጥልቅ ካልሆነ፣ ከሥሩ አዲስ ቆዳ እስኪወጣ ዐሥር ቀን ያህል ሳይነሣ ይቆይና ደርቆ ይላቀቃል።

ታዲያ ከገበያ አንሥቶ መለጠፍ ነውን? አይደለም፤ ይህ ሰው ይገድላል። ቆዳው ከቅርፊትና ከሥጋ ይጸዳል፤ በጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይታጠባል፤ በግሊሰሪን ይዘፈዘፋል፤ በጨረርም ይጠራል። እንዲህ የተዘጋጀው በቀዝቃዛ ቦታ እስከ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። በሰደድ እሳት መዳፋቸው የተቃጠለ ሁለት የካሊፎርኒያ ድቦችም በ2018 በዚሁ ቆዳ ታክመዋል፤ ድብ ፋሻውን ቢበላውም አይጎዳውምና!

ከዚህ የቆየው ታሪክ የፕሮታሚን ነው። ፍሪድሪክ ሚሸር በ1874 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ፣ ከወንድ ሳልሞን ዘር አወጣው። በ1936 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃገዶርን ከኢንሱሊን ጋር ቀላቅሎ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሠራ አደረገ፤ የስኳር በሽተኛው መርፌም ቀነሰ። በአገራችን ሐኪም ቤቶች በሚታወቀው ኤን. ፒ. ኤች. ኢንሱሊን ስም ውስጥ «ፒ» የምትለው ፊደል ይህንኑ ፕሮታሚን ታመለክታለች። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜም ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ፕሮታሚን ይከተላል። አንዱ አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው ተያይዘው የሄፓሪኑ ኃይል ይከሽፋል።

እንደኔ አስተያየት ለኛ የሚከብደው ኬሚስትሪው ሳይሆን በረዶው ነው። በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሙቀት የዓሣ ጥራጊ በጥቂት ሰዓት ይበላሻል፤ ቆዳው ከሆድ ዕቃ ጋር ከተደባለቀም የማንም ላቦራቶሪ አይቀበለውም። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የሚጠየቀው፣ ዓሣ የሚገፈው ልጅ ቆዳውን ለይቶ በበረዶ ሣጥን ቢያኖር በኪሎ ስንት ይከፈለዋል የሚለው ነው።