ስልኩ ሌሊቱን ተለወጠብኝ

ጥያቄ፦

«የ63 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ደሴ ውስጥ 35 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ሴት ልጄ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። የምታርፈው አርብ ብቻ ስለሆነ የምንነጋገረውም በዚያው ቀን ነው። ስልኩንም የላከችልኝ እሷ ናት። ኢሞ እምቢ ሲለን በቀጥታ መስመር ትደውልልኛለች።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ማታ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። በማግስቱ ልጄ ስትደውል እንደ ልማዴ አረንጓዴውን ምልክት ወደ ላይ ገፋሁት፤ አልነሳም። ደግሜ ገፋሁት፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስሟን እያየሁ አመለጠኝ። ኋላ ትንሹ ልጄ መጣና ‹አፕዴት አድርጎ ነው፤ አሁን ወደ ጎን ነው የሚሳበው› ብሎ ከእጄ ወስዶ ነካካው። ‹እማ፣ ስንቴ ላሳይሽ?› ይለኛል።

ለልጄ እውነቱን አልነገርኳትም። ሶላት ላይ ነበርኩ አልኳት። በሶላቴ ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጠራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይሄንን ትቼ ወደ ድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልኬ ልመለስ? ወይስ አርጅቼ ነው?

እናት ከደሴ»

መልስ፦

እናቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። እርጅና አይደለም። አውራ ጣትዎ የለመደውን በትክክል ሠርቷል። የለመደውን ነው ሳይነግሩት የሻሩበት። ሌሊት ተኝተው ሳሉ አንድ ሰው ጓዳዎ ገብቶ የበርበሬውን፣ የሽሮውንና የጨውን ዕቃ ቦታ ቢያለዋውጥና ጠዋት ወጡ ቢበላሽብዎ፣ «ባለሙያነቴ ቀረ» ይሉ ነበር? ጓዳዬን ማን ነካው ነው የሚሉት።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጥቶ የክፍሉ አደረጃጀት ከ6-2-4 ወደ 8-2-2 ሲዞር እርስዎ መምህር ነበሩ። ለውጡን የወደደም የጠላም ነበር፤ ለውጥ መምጣቱን ያልሰማ መምህር ግን አልነበረም። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ የመምህሩ መምሪያ እንዲከተለው ይጠበቃል። ስልክዎን የለወጡት ሰዎች ይህችን ታህል ክብር አልሰጡዎትም። ጥሪ ማንሳትን የሚያህል ነገር ሲቀይሩ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት በአማርኛ አንድ መስመር ጽፈው «ከነገ ጀምሮ ወደ ጎን ይሳቡ» ሊሉዎት ይችሉ ነበር። አላሉም። ጥፋቱ የእነሱ ነው።

ብቻዎንም አይደሉም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ፣ ሰው ለዓመታት የለመደውን «ስታርት» የሚባለውን ቁልፍ ከስክሪኑ ጥግ አነሳው። ኮምፒውተር ላይ ውሎ የሚያድረው የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ግራ ተጋባ፤ ቅሬታው በዛና በ2013 ቁልፉ ተመለሰ። ያኔ ቁልፉን ፈልገው ያጡትን ሰዎች ሁሉ አረጁ ያላቸው የለም።

ታዲያ አፕዴት የሚባለውን ነገር ጨርሰው ይዝጉት እንዳልልዎ የሚያግደኝ ምክንያት አለ። በዚህ ስም የሚመጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጥገና ነው፤ ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ሲገኝ መድፈን። ሌላው መልክና አቀማመጥ መለዋወጥ ነው። የመጀመሪያው እንደ ክትባት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት ከ150 በላይ አገሮችን ሲያዳርስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማንን ቀጠሮ ሰርዘዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። እኔን የሚያናድደኝ ኩባንያዎቹ ሁለቱን በአንድ ጆንያ አስረው መላካቸው ነው። ክትባቱን የፈለገ ሰው የጓዳውን መለዋወጥም አብሮ እንዲቀበል ይገደዳል። ሰው ተማርሮ ሁሉንም ሲዘጋ ደግሞ ለሌባ ይጋለጣል።

ስለዚህ የአንዱን አፕ አፕዴት ብቻ እንዝጋ። ትንሹ ልጅዎ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብቶ ጥሪ የሚያነሱበትን አፕ ይፈልገው። ከላይ በስተቀኝ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ሲነካ በራሱ አፕዴት እንዲያደርግ የሚፈቅድ ምልክት ይመጣል። እሱን ያጥፋው፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥል፣ በተለይ የባንክና የቴሌብር አፕ። ከዚያ የዚያው የጥሪ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ይግባ። ብዙ ስልኮች ላይ ጥሪ የሚነሳበትን መንገድ መምረጫ አለ፤ ወደ ጎን መሳብ ወይም አንዴ መንካት። ካገኘው መንካቱን ይምረጥልዎ፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ እሱ ይቀላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በመልእክት ወይም በቴሌግራም «ስልክዎን አፕዴት ያድርጉ» የሚል ሊንክ ቢመጣ፣ የላከው የሚያውቁት ሰው ቢሆን እንኳ አይንኩት።

ባለ ቁልፏንም ስልክ አይጣሏት። ሲም ካርድ አስገብተው፣ ቻርጅ አድርገው፣ ቁጥሯን ለልጅዎ ይስጧት፤ ለችግር ቀን ትሆናለች። ወደ እሷ ብቻ መመለሱን ግን አልመክርም፤ በኢሞ የልጅዎን ፊት የሚያዩት በላከችልዎ ስልክ ነውና።

ለትንሹ ልጅ ደግሞ ይህን ያንብቡለት። ልጄ፣ ስልኩን ከእናትህ እጅ አትውሰድ። የአንተ ጣት ቢያስተካክለው የእናትህ ጣት ምንም አይማርም። እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ አጠገቧ ቁም፣ በቃል ንገራት፣ ራሷ ትሳበው። ከዚያ ጓዳ ገብተህ በስልክህ ደውልላት። ታንሳ። ዝጋና ደግመህ ደውል፤ አሥር ጊዜ። እሷ የሰው ልጅ ማባዛት እንዲገባው 35 ዓመት ስትደጋግም «ስንቴ ላሳይህ?» እያለች አልነበረም።

እርስዎም እናቴ፣ ደብተር ያውጡ። የስልኩን ስክሪን በእርሳስ ይሳሉት፤ አረንጓዴው የት እንዳለ፣ ወደየት እንደሚሄድ ቀስት ያድርጉበት። ሲለወጥ ገጽ ገልጠው እንደገና ይሳሉ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ስትስል ለኖረች እጅ ይህ አይከብድም።

የቀረው ውሸቱ ነው፤ ከስልኩ ይልቅ እሱ የከበደዎ ይመስለኛል። ልጅዎን እውነቱን ይንገሯት። ሰው አገር ሆና፣ በሳምንት አንዲት ቀን አርፋ፣ ሦስት ጊዜ ደውላ እናቷ ሳታነሳ ስትቀር ምን ምን እንዳሰበች ይገምቱ። «ስሟን እያየሁ ማንሳት አቃተኝ» ቢሏት አትንቅዎትም። እኔ እሷን ብሆን ያንን ብሰማ እፎይ እላለሁ። ሶላቱን ደግሞ ከአላህ ጋር ይጨርሱታል፤ እኔ የምገባበት አይደለም።

አርብ ሳይደርስ ሐሙስ ማታ ልምምዱን ይጨርሱ፤ ልጅዎ ስትደውልም ያንሱና ከሰላምታው ቀጥለው ይንገሯት። ምን እንዳለችዎ ይጻፉልን።