የእጥበት ታካሚ ሲቢሲ እጃችሁ ሲገባ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ሰው በመሀል ሲያመው የሚመጣው እናንተ ዘንድ ነው፤ ተረኛዋ ነርስ፣ ጤና መኮንኑ፣ የላብራቶሪ ባለሙያው ዘንድ። ሲቢሲ ይታዘዛል፣ ሄሞግሎቢኑ ይታያል፣ «ደም አንሶታል» ይባልና ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ይገባል። አብረው የታተሙት የነጭ ደም ሴል ቁጥሮች ሳይነበቡ ይቀራሉ። እኔ እንዲነበቡ ነው የምለምናችሁ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ብግነትን የሚጠቁም ስሌት ይወጣል፤ ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ማካፈል ብቻ ነው። ኒውትሮፊል 72 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 12 በመቶ ከሆነ ውጤቱ 6 ይሆናል። በጤነኛ አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነው። በተለያዩ አገሮች በእጥበት ታካሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህ ቁጥር ከፍ ያለባቸው ሰዎች ቀድመው እንደሚሞቱ ደጋግመው አሳይተዋል። የሲአርፒ መጨመርና የአልቡሚን መውረድም ወደዚያው ያመለክታሉ። ሲአርፒና አልቡሚን ግን ተጨማሪ ገንዘብና ሪኤጀንት ይፈልጋሉ፤ የሲቢሲው ዋጋ ቀድሞ ተከፍሏል። ኢኤስአር ላይ አትድከሙ፤ በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ያለ አዲስ ምክንያትም ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው።

ማሽናችሁ ነጭ ሴሎችን ሊምፍ፣ ሚድ፣ ግራን ብሎ በሦስት ብቻ የሚከፍል ከሆነ ተጠንቀቁ። ግራን በተባለው ውስጥ ኢዮሲኖፊልም ሊቆጠር ስለሚችል፣ የሆድ ትላትል ያለበት ሰው ውጤት ከእውነቱ በላይ ሊወጣ ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ስላይድ ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ። በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ደግሞ ይደበዝዛል፤ ቁጥሩን ከነቀኑ በእስክሪብቶ ካርዱ ላይ ገልብጡት። ጥቅሙ ያለው በማነጻጸሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ የተገኘ 5 ብዙ አያስረዳም፤ 2 የነበረው ሰው በሦስት ወር ውስጥ 6 ከደረሰ ግን ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም መፈለግ አለበት።

በእኛ አካባቢ መጀመሪያ ወባን መርምሩ። ወባ ሊምፎሳይትን ያወርዳል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን እየወሰደ እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥርሱን፣ እግሩን፣ ሳሉን እዩ።

ከሁሉ በላይ አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ያለውን ካቴተር እዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በእጥበት ላይ የነበሩ 91 ታካሚዎችን ባየ ጥናት ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ የደም መመረዝ ነበር፤ በካቴተር የሚታጠቡት ሰዎች ዕድሜም አጥሮ ተገኝቷል። ቆዳው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ ጀርሙ ቱቦው ውስጥ ሊሆን ይችላል። «እጥበቱ ሲጀመር ብርድ ብርድ ይልዎታል? ያንቀጠቅጥዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ፣ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ እጥበት ማዕከሉ ጋ ደውላችሁ በዚያው ቀን ላኩት። የደም ካልቸር ከአንቲባዮቲክ በፊት ቢወሰድ መልካም ነው፤ የደም ግፊቱ እየወረደ ያለን ሰው ግን ካልቸር ብላችሁ አታቆዩት። በካቴተሩ ግሉኮስ አትስጡ፣ ደምም አትቅዱበት፤ ውስጡ የተቆለፈው ሄፓሪን ወደ ሰውነቱ ገብቶ ሊያደማው ይችላል። ፊስቱላ ያለበትን ክንድ ለመርፌም ለግፊት መለኪያም አትንኩት። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ አትውጉት።

ስለ ጸበል ሳይነሳ ጎጃም ውስጥ ይህ ምክር ሙሉ አይሆንም። «አይጠመቁ» ያላችሁት ታካሚ ሳይነግራችሁ ሄዶ ይጠመቃል። ይልቅ ካቴተሩን ውኃ እንዳይነካው ጥምቀቱ ከወገብ በታች እንዲሆንላቸው ለአጥማቂው እንዲነግሩ፣ የሚጠጣውንም ከቀኑ የውኃ መጠናቸው ላይ እንዲቀንሱ አስረዷቸው። ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ራሱ ከብግነት ጋር የተያያዘ ነው፤ የተዘለለ እጥበትም እንዲሁ። የትራንስፖርት ገንዘብ አጥቶ የቀረ ታካሚ «ቀረሁ» ለማለት ስለሚያፍር ቀስ ብላችሁ ጠይቁት።

ኤሪትሮፖይቲን እየተወጋ ሄሞግሎቢኑ አልነሳ ላለው ሰውም እንዲሁ ስውር ብግነት ፈልጉ። ፌሪቲኑ ከፍ ማለቱ ብረት እንደማያንሰው ማረጋገጫ አይደለም፤ ብግነት ብቻውን ፌሪቲንን ከፍ ያደርገዋል። አልቡሚኑ የወረደውንም «ሥጋ ብሉ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት።

ቁጥሩን ለታካሚው የሞት ቀን አድርጋችሁ አትንገሩት። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ብዙ ሰው ነው፤ ፊታችሁ ስለተቀመጡት እናት አይደለም። «እትዬ፣ ደምዎ ሰውነትዎ ውስጥ የተቆጣ ነገር እንዳለ ያሳያል፤ ከየት እንደመጣ እንፈልጋለን» ማለት ይበቃል።

እጥበት ማዕከሉ ታካሚውን የሚያየው በእጥበቱ ቀን ብቻ ነው፤ በመሀል ያለውን የምታዩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ያሰላችሁትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የወባ ውጤቱንና የሰጣችሁትን መድኃኒት በአንድ ወረቀት ጻፉና በታካሚው እጅ ወደ ባሕር ዳር ላኩ።