ስለሚያንጠባጥብ የካምቢዮ ዘይት ቱቦ

በአንድ አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ ከአምቦ ወደ ጌዶ ስንጓዝ፥ ጉደርን አልፈን ዳገቱን እንደ ጀመርን ሞተሩ ይጮህ ጀመር፤ መኪናው ግን አልሄደም። አምስት ነበርን፤ ከአምስታችን ሦስቱ ስለ ሞተር እንማራለን የምንል ነን። የሠርግ ልብሳችንን ሰብስበን ከሥር ብናይ፥ ሆዱ ሁሉ በቀይ ዘይት ተነክሯል።

ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። በዋዜማው መኪናው ከቆመበት መሬት ላይ የሳንቲም ያህል ቀይ ነጥብ አይተን ወደ አንድ ጋራዥ ወስደነው ነበር። መካኒኩ መጋጠሚያውን ፈትቶ ጥርሱን በነጭ ቴፕ ጠመጠመው፤ ከዚያም በረጅም ቁልፍ ባለ በሌለ ኃይሉ አጥብቆ «አለቀ» አለን። እኛም አመስግነን ከፈልን። ቆመን እያየን ምን እንደሚሠራ አለመጠየቃችን የራሳችን ጥፋት ነው። ጓደኞቻችን የኛን ያህል እንዳይከፍሉ የተማርነውን ከዚህ በታች እንጽፋለን።

በመጀመሪያ፥ የካምቢዮ ዘይት ከካምቢዮው ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? አውቶማቲክ ካምቢዮ ፍሪሲዮን በእግር አይረገጥበትም። የሞተሩን ኃይል የሚያቀብለው ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ክብ ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፥ ዓይነቱ እጅግ ቢለዋወጥም፥ ኃይልን በዘይት ማስተላለፍ የብዙዎቹ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። የሚፈተግ ዘይት ይግላል፤ በዳገት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፓምፑ የጋለውን ዘይት በአንድ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል፤ እዚያ በውኃው መካከል በተቀመጠ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። እንግዲህ ሁለት ቱቦ፥ ቢያንስ አራት መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። ዕድሜ የጠገበ መኪና የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ነው።

«ጠብታ ምን ታመጣለች?» ለሚል ሰው አንድ ሒሳብ እናቅርብ። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፥ በሴኮንድ አንድ ጠብታ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ እያረፍን በሦስት ሰዓት ብንጨርሰው፥ ከግማሽ ሊትር በላይ መንገድ ላይ ቀረ። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ዘይቱም አረፋ ይሆንና ግፊቱ ይወድቃል። በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ፥ ይቃጠላሉም። እኛ ዳገቱ ላይ የሰማነው ጩኸት ይህ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንደኛ መኪና ባለ መጋጠሚያ የብረት ቱቦው ጫፍ እንደ መለከት አፍ ተከፍቶ ሾጣጣ መቀመጫ ላይ ያርፋል። ዳዶው ሥራው ይህን አፍ በመቀመጫው ላይ መጫን ብቻ ነው። ዘይቱን የሚያግደው የሁለቱ ብረት ከንፈር ለከንፈር መገናኘት እንጂ ጥርሱ አይደለም። በጥርሱ ላይ ቴፕ መጠምጠም እንግዲህ በሩ ክፍት ሆኖ መስኮቱን እንደ መዝጋት ነው። እንዲያውም የቴፑ ቁራጭ በዘይቱ ተወስዶ የካምቢዮውን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሊደፍን ይችላል። (በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ራዲያተሩ ላይ የሚገባው አስማሚ ጥርሱ ራሱ ሾጣጣ ነውና ማሸጊያ ይፈልጋል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።) ከንፈሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ማጥበቅ ስንጥቁን ያሰፋዋል። የኛም እንዲሁ ሆነ።

መኪናችን በሌላ መኪና ተጎትቶ ጉደር ደረሰ፤ ሠርጉም አመለጠን። እዚያ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ፥ ሰው ሁሉ ኦቦ የሚላቸው፥ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በቤንዚን አጥበው አደረቁና ዱቄት ነሰነሱባቸው። ዘይት ጨምረው ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ጠበቁ፤ ዱቄቱ ቀድሞ የቀላበት ቦታ ተገኘ። ዘይት በቱቦው ሥር ሄዶ፥ ነፋስም ገፍቶት፥ ከምንጩ ርቆ ስለሚንጠባጠብ የሚንጠባጠብበትን ማጥበቅ ከንቱ ድካም ነው። ቀለሙም ይረዳል፤ ያልተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት በጉደር ስም እንደሚጠራው ወይን ቀይ ነው፥ የሞተሩ ግን ይጠቁራል።

ከዚያ በሁለት ቁልፍ ፈቱት። በአንዱ ወደ ካምቢዮው የገባውን አስማሚ ያዙ፥ በሁለተኛው ዳዶውን አዞሩ። ይህ በራዲያተሩ በኩል ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አስማሚው አብሮ ከዞረ የውስጡ ማቀዝቀዣ ይቀደድና ውኃና ዘይት ይደባለቃሉ። ዘይቱ ሮዝ ወተት ከመሰለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ሙጫ መላቀቅ ጀምሯልና ወጪው የቱቦ መሆኑ ቀርቶ የካምቢዮ ይሆናል።

ኦቦ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጠው፥ ብናኙን ጠርገው ጫፉን እንደ አዲስ እንድንከፍት መሣሪያውን ለኛ ሰጡን። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አጥፈን እጅግ አሳምረን ከፈትነው። ዳዶው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር! ጫፉ ከተከፈተ በኋላ ዳዶ ከዚያ በኩል አይገባም፤ ስለዚህ እንደገና ተቆረጠ። ሽማግሌው አልሳቁብንም፤ ቱቦው ግን አጥሮ ሊያስቸግር ምንም አልቀረውም።

ጎማ ቱቦ ባለበት በኩል ነገሩ ይቀላል፤ ነገር ግን የውኃ ጎማ በጋለ ዘይት አብጦ ይለሰልሳልና ዘይት የሚችል መሆኑን ጠይቆ መግዛት ነው። ማጥበቂያው ቀለበት ከቱቦው ጉብታ ወዲያ ይታሰር፤ ሽቦ አይበቃም። መዳብ ሮንዴላ ወይም ኦሪንግ ካለ በአዲስ ይለወጥ። ከመኪና ሥር ስትገቡም በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ መደገፊያ አቁሙ፥ ዘይቱም ይብረድ። በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚፈስ ዘይት እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል አትርሱ።

ይህን ሁሉ የምንለው መኪናዎቹ በቀላሉ የሚተኩ ስላልሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በአምቦና በጊንጪ የምናያቸው ኮሮላዎች እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ከኛ ጋር ይኖራሉ።

ከጥገናው በኋላ ለመኪናው የታዘዘውን ዓይነት ዘይት ጨምሩ። በአብዛኞቹ መኪናዎች ልኩ የሚታየው ሜዳ ላይ ቆሞ፥ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነው፤ ከምልክቱ በላይ መሙላትም አረፋ ያመጣል። ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፉና ጧት እዩት። የኛ ካርቶን ለሦስት ሌሊት ደረቅ ሆኖ አደረ፤ በአራተኛው አንድ ነጥብ ተገኘበት፥ ግን ጥቁር ነበረ።